በክብደት ማንሣት ልምምድ የአጋዥ ድርሻ

በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶችም ሆነ በአንበሳሜ የእህል ገበያ፣ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኩንታል በጀርባው የሚሸከም ወዛደር ጆንያውን ከመሬት ብቻውን አያነሣም፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ያሸክሙታል። በስፖርት ቤት ክብደት የሚያነሣ ሰውም እንዲሁ አጋዥ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ የጊዜ ነው፤ አሸካሚ የሚፈለገው በሸክሙ መጀመሪያ ሲሆን፣ አጋዥ የሚፈለገው ጡንቻ በሚዝልበት መጨረሻ ላይ ነው።

ይህ በይበልጥ የሚታየው በጀርባ ተንጋሎ ብረት ከደረት ወደ ላይ በሚገፋበት፣ ቤንች ፕሬስ በሚባለው ልምምድ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚገፋ ሰው ክንዱ ዝሎ 55 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ መደገፍ ቢችል፣ ብረቱ ወደ ደረቱ ወይም ወደ አንገቱ መውረድ ይጀምራል። የጎደለው 5 ኪሎ ግራም በመሆኑ፣ አጋዡ ከዚያ ጥቂት የበለጠ ኃይል ቢጨምር ብረቱ ይመለሳል። አንሺው ተስፋ ቆርጦ ከለቀቀ ግን ሙሉው ክብደት በአጋዡ እጅ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እርዳታ ከመጣ በኋላም መግፋቱን ማቆም የለበትም።

በኢትዮጵያ ከተሞች ወጣቶች ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው በቧንቧ ጫፍና ጫፍ በማድረቅ የራሳቸውን ክብደት ሲሠሩ ይታያል። በፋብሪካ ምርት ላይ ማጥበቂያ ካልገባ፣ የተቸገረ ሰው ብረቱን አዘንብሎ ክብደቱን ማራገፍ ይችላል፤ የደረቀ ሲሚንቶ ግን ከቧንቧው አይወልቅም። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ተንጋሎ ብቻውን የሚለማመድ ሰው በቀላሉ ማምለጥ አይችልም።

አጋዡ ከአንሺው ራስጌ ቆሞ፣ እጆቹን ብረቱን ሳያስነካ ያዘጋጃል። ስንት ጊዜ እንደሚነሣና እርዳታ በምን ቃል እንደሚጠየቅ አስቀድመው ይስማማሉ። ብረቱ ባለበት ሲቆም ወይም ወደ ታች ሲመለስ፣ አጋዡ ይዞ እስከ ማሳረፊያው ያደርሰዋል። ብረት በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ በሚነሡበት ልምምድ ደግሞ ሁለት አጋዦች ጫፍና ጫፍ ቢቆሙ፣ እኩል ማንሣት ይኖርባቸዋል፤ አንዱ ከቀደመ ብረቱ ያዘነብላል።

ያለጊዜው መንካትም ስሕተት ነው። በፓወርሊፍቲንግ ውድድር በዳኛው ትእዛዞች መካከል አጋዥ ብረቱን ከነካ ሙከራው አይጸድቅም። በልምምድም ቢሆን፣ በየጊዜው የሚደገፍ ሰው የራሱን አቅም ከአጋዡ ኃይል መለየት ይሳነዋል፤ በሚቀጥለውም ቀን ከአቅሙ በላይ ይጭናል።