አርክ ብሬከር በሞተር ምክንያት በከንቱ ሲወርድ፦ መንሥኤውና መለያው

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን በደቡብ ምዕራብ፣ በምዕራብና በሰሜን ያዋስናሉ። በእነዚህ ከተሞች የብረትና የእንጨት ሥራ ከመኖሪያ ቤት ጋር በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቆጣሪ ሥር የሚከናወንበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ግቢ አርክ ብሬከር ቢተከል፣ ግራይንደር በተነሣ ቁጥር መስመሩን ሊቆርጥ ይችላል። ተጠቃሚው ተሰላችቶ ብሬከሩን ቢያስነቅል ቤቱ ከእሳት መከላከያው ይራቆታል። ይህ ጽሑፍ ስሕተቱ ከምን እንደሚመነጭና ከእውነተኛ ብልሽት እንዴት እንደሚለይ ያብራራል።

ተራ ብሬከር የሚመለከተው የኮረንቱን መጠን ነው። በላላ የሽቦ ማያያዣ ላይ የሚፈጠር ቅስት፣ ማለትም በአየር ውስጥ የሚዘልል ብልጭታ፣ ከጭነቱ ጋር በተከታታይ ስለሚቆም ኮረንቱን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ ባለ 16 አምፔር ብሬከር የ5 አምፔር ቅስትን አያውቀውም፤ የሽቦው ልባስ ግን ቀስ በቀስ ይከስላል። አርክ ብሬከር የተሠራው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይኢሲ 62606 መስፈርት፣ በ230 ቮልት የ2.5 አምፔር ቅስት በ1 ሰከንድ፣ የ10 አምፔር ደግሞ በ0.25 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆረጥ ያዝዛል።

መሣሪያው የሚያነበው የኮረንቱን ቅርጽ ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ኮረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል። ቅስቱም በየዜሮው ይጠፋል፤ ቮልቴጁ በቂ ከፍታ ሲደርስ እንደገና ይለኮሳል። ይህ አጭር ዕረፍትና አብሮት የሚነሣው የከፍተኛ ድግግሞሽ ሁከት የቅስት ምልክቶች ናቸው።

ካርቦን ያለው ሞተርም ብልጭታ አለው። በሰከንድ 500 ጊዜ በሚዞርና 24 የኮሙቴተር ክፍሎች ባሉት ሞተር፣ አንዱ ካርቦን በሰከንድ 12,000 ጊዜ ከክፍል ወደ ክፍል ይሸጋገራል። ሁከቱ የቅስትን ቢመስልም ኮረንቱ በዜሮ ላይ አያርፍም። ካርቦኑ ሲያልቅ ግን ግንኙነቱ ይቆራረጣል፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክስም በየግማሽ ዑደቱ ኮረንቱን ለአፍታ ዜሮ ያደርገዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ደህናው መስመር የተበላሸ ይመስላል።

የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ኢንዳክሽን ሞተር ካርቦን የለውም፤ ሲነሣ ግን ከመደበኛው ኮረንት ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይስባል። በዚህ ጊዜ ብሬከሩን የሚያወርደው ቅስት ለይው ሳይሆን የማግኔት ክፍሉ ነው። ሲ ዓይነት ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ ዲ ዓይነት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ባለው ኮረንት ወዲያው ይቆርጣል። ይሁን እንጂ ባለ 16 አምፔር ዲ ብሬከር ወዲያው ለመቁረጡ እርግጠኛ ለመሆን 320 አምፔር ያስፈልጋል። በረጅምና ቀጭን መስመር ጫፍ ላይ የሾርት ኮረንቱ ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል፣ ከመለወጥ በፊት መለካት ይገባል።

መለያው ቀላል ነው። ግራይንደሩ አርክ ብሬከር ባለው በሌላ መስመር ላይም የሚያወርድ ከሆነ በቅድሚያ ካርቦኑ ይመርመር። በአንድ መስመር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወይም በዚያው መስመር ሞተር የሌለው የውሃ ማፍያም ብሬከሩን ካወረደ፣ ሶኬቱና ማያያዣዎቹ ኮረንት ተቋርጦ መፈተሽ አለባቸው። ይህ ምርመራ ሳይደረግ ብሬከሩን መንቀል እውነተኛውን ቅስት ያለ ጠባቂ መተው ነው።