የኤንትሬ መሪ ለምን በቀኝ ሆነ?

ደባርቅ የሚመጣ እንግዳ ካሜራውን የሚያወጣው ለዋልያና ለጭላዳ ነው። ይገባዋል፤ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆኖ የገባ ነው። ያው እንግዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ሲጠጋ ከሥሩ የሚጠማዘዘውን መንገድ ያያል፤ «አቤት!» ይላል፤ አንድ ሁለት ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። በዚያ ጥምዝምዝ ላይ ጨው፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ገብስ ጭኖ ሲወጣ ሲወርድ ስለኖረው ካሚዮን ግን የሚጠይቅ የለም።

ስለ ካሚዮኑ መሠረታዊውን ነገር ቶሎ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ «ኤን» ፊደሉ፣ «ትሬ» ደግሞ በጣሊያንኛ ሦስት። የ682 ዘር እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀመረ። ስድስት ሲሊንደር ያለው የናፍታ ሞተር፣ አፍንጫ አልባ ካቢና፣ ፊቱ ላይ እንደ ጢም ግራና ቀኝ የተዘረጋ ጌጥ፤ ጣሊያኖች ይህን ጌጥ «ባፎ» ይሉታል፣ ጢም ማለታቸው ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው አፍሪካ «የአፍሪካ ንጉሥ» ብሎታል። ጣሊያን ራሷ ወደ አዳዲስ ሞዴሎች ከተሻገረች በኋላም ለአፍሪካ ገበያ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ሲመረት ቆይቷል። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ የፊያትን፣ ቀጥሎም የኢቬኮን የጭነት መኪናዎች ሲገጣጥም ኖሯል።

ሞተሩ ያለው ካቢናው ውስጥ፣ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል ነው። ቆላ ሲወርዱ ገሃነም ነው። ደባርቅ ላይ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲነሡ ግን ከዚያ የተሻለ ምድጃ አይገኝም።

ኤንትሬ አያት አለው። ፊያት 634 ኤን እ.ኤ.አ. በ1931 ብቅ ያለ ከባድ የናፍታ ካሚዮን ነው። ጉልበቱ 75 ፈረስ ብቻ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ግን የጫኑበትን የማይጥል። ጣሊያኖች «ዝሆን» ሲሉት እኛ ዘንድ የጸናው ስም ከቁጥሩ መጨረሻ የተወሰደው «ትሬንታ ኳትሮ» ነው፤ ሠላሳ አራት። አጎቱ ደግሞ ላንቻ 3 ሮ ይባላል፤ በአምስት ሲሊንደር የሚሄድ፣ ድምፁ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የሚታወቅ። ይህ ቤተሰብ ወደዚህ አገር የገባው በሰላም አይደለም። የጣሊያኑ አዛዥ የአኪሌ ስታራቼ ባለሞተር ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው በካሚዮን ተጭኖ መጥቶ ነው። ከዚያ በኋላ አስመራን በአክሱም በኩል ከጎንደር የሚያገናኘው መንገድ ተጠረገ፤ የስሜንን ግድግዳ በሊማሊሞ ወጥቶ ወልቀፊት ላይ ደጋውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1938 የጣሊያን የቱሪስት ማኅበር ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መንገድ መሪ መጽሐፍ አገሩን መስመር በመስመር፣ በኪሎ ሜትር እየቆጠረ ይተርካል። መንገዱ ለሠሪዎቹ ብዙ አላገለገለም። በወልቀፊት የመሸገው የኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ተከተለች። ለመድፍ የተጠረገው መንገድ ለእህልና ለጨው ነጋዴ ቀረ።

አሁን ወደ መሪው።

ኤንትሬን በቅርብ ያየ ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ መሪው ለምን በቀኝ ሆነ? ጥያቄውን ተከትሎ የሚመጣው መልስም አንድ ዓይነት ነው፤ «ድሮ በግራ ስለምንነዳ ለእኛ ተብሎ የታዘዘ ነው።» መልሱ እውነት ይመስላል። ኢትዮጵያ በግራ ትነዳ እንደነበርና ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ እንደ ዞረች ማንም አይክድም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ይህን መልስ ለዓመታት አምኖ ለሌላው ሲያስተምር ኖሯል፤ ዛሬ ያፍርበታል።

ትክክል ያልሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ጣሊያኖች በአገራቸው በቀኝ እየነዱም የከባድ ካሚዮናቸውን መሪ በቀኝ ነበር የሚያደርጉት። ትሬንታ ኳትሮ እንዲያ ነበር፤ ላንቻ 3 ሮ እንዲያ ነበር፤ ልማዱ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘለቀ። ላንቻማ እስከ 1950ዎቹ ድረስ የቤት መኪናዎቹን ሳይቀር መሪያቸውን በቀኝ ያደርግ ነበር። ስለዚህ የኤንትሬ መሪ ለእኛ ተብሎ የተቀየረ አይደለም፤ ከአባቶቹ የወረሰው ነው። አባቶቹ ደግሞ ያደጉት በአልፕስና በአፔኒን ተራሮች ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ አንዱ ወገን ግድግዳ፣ ሌላው ወገን ገደል። እንዲህ ባለ ቦታ ሹፌር ከምንም በላይ ማወቅ ያለበት የቀኝ እግሩ ጎማ የት እንዳለ ነው።

ይህን ለአቅራቢው ያስረዱት ደባርቅ ሻይ ቤት ውስጥ የተገናኙ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ወረቀት አልጠየቁም። የሻይ ብርጭቋቸውን አንሥተው ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጡና በጣታቸው ቀስ እያሉ ገፉት።

«ልጄ፣ ይህ እንዳይወድቅ በየት በኩል ሆነህ ታየዋለህ?»

«በጠርዙ በኩል ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ መሪውን የት አስቀመጡት?»

ከዚያ የስኳር ዕቃውን ከብርጭቆው ግራ አጠገብ አቆሙት፤ ከታች የሚመጣው ካሚዮን መሆኑ ነው። መሪው በግራ የሆነ ሹፌር የሚያየው የስኳር ዕቃውን ነው፤ ስፖኪዮው ከስፖኪዮ እንዳይነካ ይጠነቀቃል፤ ገደሉን ግን ይገምታል፣ ወይም ረዳቱን ይጠይቃል። የኤንትሬ ሹፌር ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጎማውንም፣ ከጎማው ሥር ያለውን ጠጠርም፣ ጠጠሩ የሚወድቅበትንም ያያል። በግምት የሚቀረው የግራው ወገን ነው። ግራውን የሳተ ፓራፋንጎ ያስጠግናል፤ ቀኙን የሳተ ግን የሚያስጠግነው ነገር አይተርፈውም።

ሊማሊሞ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ መንገዱ በተጠመዘዘ ቁጥር ገደሉ ጎን ይቀይራልና። በአንዱ ዙር በቀኝ ያለው ገደል በሚቀጥለው ዙር በግራ ይሆናል፤ ቀኙን የሚይዘው ደግሞ የተራራው ግድግዳና የውኃ መውረጃ ቦዩ ነው። ቦይ የገባ ባለ ተሳቢ ካሚዮን መንገዱን ቀኑን ሙሉ ይዘጋል። በቀኝ የተቀመጠው ሹፌር ገደልም ሆነ ቦይ፣ የራሱን ጠርዝ ምንጊዜም ከሥሩ ያገኘዋል። ለነገሩ ከሰኔ 1956 በፊት፣ በግራ ሲነዳ፣ የቀኝ መሪ ሹፌሩን መሀል መንገድ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ያን ቀን ካሚዮኑ አልተነካም፤ አገሩ ወደ ካሚዮኑ ዞረ እንጂ።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውም ይነገር። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ባለው የወገራ ሜዳ ላይ የቀኝ መሪ እርግማን ነው። ከፊት ያለውን አውቶቡስ ለማለፍ የሚፈልግ የኤንትሬ ሹፌር ካቢናው በሙሉ ወደ ግራ ካልወጣ ከፊቱ የሚመጣውን አያይም። የሚያይለት ረዳቱ ነው። «ግባ!» ካለው ይገባል፤ «ቆይ!» ካለው ይመለሳል። ነፍሱን በሌላ ሰው ዐይን ላይ የሚያስቀምጥ ሹፌር ረዳቱን እንዴት ባለ ጥንቃቄ እንደሚመርጥ መገመት ይቻላል። ዛሬ ረዳት ማለት ሸራ የሚያስርና ጎማ የሚፈታ ልጅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የኤንትሬ ረዳት የካሚዮኑ ግራ ዐይን ነበር።

ረዳት ከተነሣ አንድ ወቀሳ አይቀርም። ካሚዮን ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘልሎ ይወርዳል፤ ታኮ ከሌለ ድንጋይ ያደርጋል። ደግ ነው። ካሚዮኑ ሲነሣ ግን ድንጋዩን እዚያው መሀል መንገድ ላይ ትቶ መሄድ ምን ይባላል? ከኋላ በጭጋግ የሚመጣው አያየውም፤ ሊማሊሞ ደግሞ በክረምት ከጭጋጉ የሚወጣበት ሰዓት ጥቂት ነው። ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ዳር መጣል የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ሌላው ፎሌ ነው። ናፍታ ለመቆጠብ ማርሹን ባዶ አድርጎ ቁልቁለቱን መልቀቅ ዛሬም አልጠፋም። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ቁልቁለቱን የሚገታው በሞተሩ ነው፤ ፎሌ ላይ ግን የጭነቱ ክብደት በሙሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ሸራው ይግላል፣ መያዙን ይተዋል፣ ከዚያ ወዲያ ፔዳሉን በሁለት እግር ቢረግጡትም ትርፉ ድካም ነው። የድሮዎቹ ሕግ አንድ ነበር፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ኤንትሬ ቀርፋፋ ነው እየተባለ የሚታማው በከፊል ይህን ሕግ ስላከበረ ነው። በሲኖትራክ የሚሄደው ወጣት ፈጥኖ ታች ዛሪማ ይደርሳል፤ ይሁን፣ ይድረስ። ሕጉ ግን ለሲኖትራክም ያው ነው።

የአሮጌ ካሚዮን ነገር ሌላ ሱስ ያስከትላል፤ ወረቀት። እንግሊዝ ውስጥ «ኮሜርሺያል ሞተር» የተባለው የጭነት መኪና መጽሔት ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመ ነው። የድሮዎቹን እትሞች የሚሰበስቡ ሰዎች የሚፈልጉት ዜናውን ብቻ አይደለም፤ ማስታወቂያውን፣ የክብደትና የዋጋ ሠንጠረዡን፣ ያኔ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረውን ነው። በጣሊያንም የታሪካዊ ካሚዮኖች ክበብ አለ፤ አባላቱ ብረቱን ከነመመሪያ መጽሐፉ ነው የሚጠብቁት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ብረት ይዝጋል፣ ይቀልጣል፤ ካሚዮኑ ሲወጣ ምን ቀለም እንደነበረው፣ ስንት ማርሽ እንደነበረው የሚናገረው ወረቀቱ ነው።

የእኛ ወረቀት ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ወደ ቆሎ መጠቅለያ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዳባት ገበያ የገዛው ቆሎ የተጠቀለለው ከአንድ የጣሊያንኛ የመለዋወጫ መጽሐፍ በተቀደደ ገጽ ነበር። ቆሎውን አፍሶ ገጹን ዘረጋው። ጣሊያንኛ አያውቅም፤ ግን ከሥዕሉ ጎን ከተጻፉት ቃላት ብዙዎቹን አወቃቸው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ። ማንኛውም የደባርቅ መካኒክ በየቀኑ የሚላቸው ናቸው። ነጋዴዋ የቀረውን መጽሐፍ እንድታሳየው ሲለምናት ሳቀች፤ ያለፈው ቅዳሜ በባቄላ አልቋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሣጥን ውስጥ የአባት ወይም የአጎት የኤንትሬ ሊብሬ፣ የመመሪያ መጽሐፍ፣ ወይም ሊማሊሞ ላይ ከካሚዮን ጋር የተነሡት ፎቶ ካለ ለቆሎ ነጋዴ አይስጡት። ከፎቶው ጀርባ የሹፌሩን ስም፣ የረዳቱን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉበት። በእርሳስ ይሁን፤ የስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ያልፋል።