ዝግታ ሁሉ ትዕግሥት አይደለም

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይኼዳል» የሚለው ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን የኖረ ስለሆነ፣ አስቸጋሪ ሥራ ባጋጠመን ቁጥር መድኃኒቱ ዝግ ማለት ብቻ ይመስለናል። የተረቱን እውነተኛነት አንክድም። ነገር ግን በቅርቡ አንድ የወይራ ጉበንና 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ፣ ዝግታና ትዕግሥት ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ስላስተማሩን ትምህርቱን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአያታችን ቤት ሲፈርስ ከበሩ በላይ የነበረው የወይራ ጉበን ብቻ ሳይሰበር ተረፈ። እናታችንም የአያታችንን ስም በጉበኑ ላይ ቀርጸን በሳሎን ግድግዳ እንድንሰቅልላቸው አዘዙን። በቤታችን አንዲት አነስተኛ ሲኤንሲ፣ ማለት በኮምፒዩተር ትእዛዝ እየተመራች እንጨት የምትፈለፍል መኪና ስላለች በደስታ ተቀበልን። ይሁን እንጂ ጉበኑ አንድ ነው፤ ቢበላሽ ምትክ የለውም።

ይህች መኪና ዛሬ በጠረጴዛ ላይ ብትቀመጥም ዘሯ ከትልቅ ቤት ነው። ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ ከሄሊኮፕተር ክንፍ ሥራው ያፈለቀውን ሐሳብ ይዘው፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መሐንዲሶች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ የምትታዘዝ መኪና ሠርተው አሳዩ። ያችኛይቱ ብረት የምትቆርጥ ከባድ መኪና ነበረች። የእኛይቱ ግን አካሏ ቀላል ስለሆነ ጠንካራ እንጨት ሲገፋት እሷም ትንቀጠቀጣለች። ስለዚህ ከወይራ ጋር የምትታገለው በጉልበት ሳይሆን በዘዴ ነው።

እኛም የወይራን ጥንካሬ ስለምናውቅ ፈራን። ስለፈራንም መቁረጫው በደቂቃ 18,000 ጊዜ እየዞረ፣ ጉዞው ግን በደቂቃ 200 ሚሊሜትር ብቻ እንዲሆን አዘዝን። «ዝግ ካልን አይሰበርም» ብለን ነበር። ጥቂት ደቂቃ እንዳለፈ ክፍሉ በጢስ ታወደ። እናታችን ከማድ ቤት ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ጋን ልታጥን ነው እንዴ?» አሉን። በእርግጥ የወይራ ጢስ ለጠላ ጋንና ለወተት ዕቃ መልካም ሽታ ነው፤ ለመቁረጫ ግን የመርዶ ሽታ ሆኖ ተገኘ። የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ መቁረጫውም ጮኸና ተሰበረ። ሁለተኛውን ተክተን ጉዞውን ይበልጥ ብንቀንስ፣ እርሱም የወንድሙን መንገድ ተከተለ። የቀረን አንድ መቁረጫ ብቻ ነው። ደግነቱ ሙከራውን ያደረግነው በጉበኑ ጀርባ ላይ ነበር።

ጎረቤታችን የሆኑትን አንድ አረጋዊ አናጢ ጠራን። ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁት እኒህ ሰው፣ መኪናይቱን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ጎንበስ ብለው ሰጋቱራውን በጣታቸው አሹት። «ልጄ፣ ይኸ እኮ የተቆረጠ እንጨት አይደለም፣ የተፈጨ ነው። የኔም ፒያላ እንዲህ ያለ ዱቄት ካወጣ፣ ምላጩ ያሻል እንጂ አይቆርጥም ማለት ነው» አሉን።

ከዚህ በኋላ ወረቀትና እርሳስ አነሣን። መቁረጫው 2 ጥርስ ስላለው በደቂቃ 36,000 ጊዜ ይነክሳል። 200 ሚሊሜትር ለዚህ ሲካፈል፣ ለአንድ ንክሻ የሚደርሰው ከ0.006 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ይህም ከአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ጥርሱ ይህን ያህል ስስ ነገር መንከስ ስለማይችል እየተንሸራተተ ያሻል፤ መታሸቱም ሙቀት ይወልዳል። ሙቀቱን ይዞ መውጣት የነበረበት ፍቅፋቂው ነው፤ ፍቅፋቂ ከሌለ ሙቀቱ በመቁረጫውና በእንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዙሩን ወደ 12,000 ዝቅ፣ ጉዞውን ወደ 720 ሚሊሜትር ከፍ አደረግነው። ለአንድ ንክሻ 0.03 ሚሊሜትር ደረሰው።

«ታዲያ ጉዞው ሲፈጥን መቁረጫው አይሰበርምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትዕግሥት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ፣ ማለት በጥልቀቱ ላይ ነው። የመቁረጫው ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ፣ በዚያው ግፊት የሚጎብጠው 16 እጥፍ ነው፤ ከመያዣው የወጣው ርዝመት በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ 8 እጥፍ ይጎብጣል። እንግዲህ ቀጭን መቁረጫ አጥሮ መታሰር፣ በአንድ ጊዜም ጥቂት ብቻ መጉረስ አለበት። ስለዚህ 3 ሚሊሜትሩን ጥልቀት በአንድ ጊዜ ከመቆፈር ይልቅ ግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር እያደረግን ስድስት ጊዜ እንድትመላለስ አዘዝናት። መቁረጫውም ወደ እንጨቱ ሲገባ እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ ሳይሆን፣ ቁልቁለት እንደሚወርድ መንገደኛ እያዘነበለ እንዲገባ አደረግን። ብናኙ በጎድጓዳው ውስጥ ተከማችቶ እንደገና እንዳይፈጭ በመምጠጫ አስወገድነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ለሰው ካንሰር ከሚያመጡት መካከል መድቦታልና፣ አፍና አፍንጫችንንም በመከላከያ ጭንብል ሸፈንን።

በአራተኛው ምልልስ ላይ መብራት ጠፋ። የእኛይቱን የመሰለች ርካሽ መኪና መብራት ሲጠፋባት የቆመችበትን ስፍራ ትረሳለች። ሆኖም ከመጀመራችን በፊት በጉበኑ ማዕዘን ላይ አንዲት የመነሻ ነጥብ በስተን ስለነበር፣ ማታ መብራት ሲመለስ ከነጥቧ ተነሥተን ቀጠልን። ጢስም ጩኸትም አልነበረም። ወለሉ ላይ የወደቀውም በጣት ሲነካ የሚታወቅ ደረቅ ፍቅፋቂ ነበር። የአያታችን ስም ዛሬ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ይነበባል፤ ሁለቱ የተቃጠሉ ጠባሳዎች ግን በስተጀርባ አሉ።

ይህን ስናስብ በየጽሕፈት ቤቱ ያለነው ወጣቶች ትዝ አልነው። ስሕተት እንዳይገኝብን ፈርተን አንዱን ማመልከቻ ሳንወስንበት ስናገላብጠው የምንከርም ስንቶቻችን ነን? ያን ጊዜ እያሸን እንጂ እየቆረጥን አይደለም፤ የሚቃጠለውም የባለጉዳዩ ልብ ነው። ከባድ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ መክፈል ትዕግሥት ነው፤ የተከፈለውን ግን በቆራጥነት መጨረስ ያስፈልጋል። እንቁላልም ቢሆን በእግሩ የሚኼደው በውስጡ ያለው ጫጩት በየቀኑ ስለሚያድግ ነው እንጂ፣ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ አይደለም።