መምህርና ደቀ መዝሙር በሙዚቃ

የቅዱስ ያሬድ ዜማ እስከ ዘመናችን ሊደርስ የቻለው ሊቃውንቱ አጥብቀው ስለ ጠበቁት ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን አዘጋጁለት፤ ደቀ መዝሙሩም በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ግዕዙን፥ ዕዝሉንና አራራዩን እየተቀበለ ቃልና ጽሕፈት ተደጋግፈው አኖሩት። ከዚህ ጉባኤ ውጭ ያሉት የሙዚቃ ባለሙያዎች ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም፤ መምህሩ ሲያልፍ ጥበቡን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህም ከእነርሱ የጥቂቶቹን ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው በእልቂት ያለቁባቸው የአርመን ልጆች ማርሽ ሲነፉ ሰሙ። ከእነርሱም አርባውን ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል የተሰማውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እኒሁ መምህር ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሙዚቃ መሪ ሆነው ብዙዎችን አስተማሩ።

በዚያው ቴአትር ሳክስፎን ከሚነፉት አንዱ አቶ ጌታቸው መኩሪያ ነበሩ። በይፋት ተወልደው በልጅነታቸው መሰንቆና ክራር ተጫውተዋል፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገቡ። ሳክስፎን ከአውሮፓ የመጣ ዕቃ ነው፤ እርሳቸው ግን የአውሮፓን ዘፈን ብቻ ሊያስነፉት አልፈለጉም። ፎካሪው በጦር ሜዳ የሚያሰማውን ሽለላና ቀረርቶ፥ ትንፋሹንና መንቀጥቀጡን ሳይቀር፥ ወደዚያ ቀንድ አገቡት። በመድረክ ሲቆሙም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው እንደ አርበኛ ለብሰው ነበር። በስተእርጅናቸው ዘ ኤክስ ከሚባሉት የኔዘርላንድ ሙዚቀኞች ጋር በባሕር ማዶ ተጫውተው በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ዐረፉ። የጅማው ተወላጅ አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በለንደንና በቦስተን ተምረው የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋሕደዋል፤ ስማቸው በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በእርሳቸው ላይ አንዘገይም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ግን ከዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው በ1916 ዓ.ም. ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተማሩ፤ በጠላት ወረራ ጊዜም ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያም ዓለሙን ንቀው በግሸን ማርያም መነኰሱ። ኋላ በጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩት ደቀ መዛሙርት በደጀ ሰላም እያደሩ ቁራሽ ሲለምኑ ተመለከቱ። የሚሰጣቸው ገንዘብ አልነበራቸውምና ፒያኖአቸውን አስቀርጸው በጀርመን አገር ሸክላ አሳተሙ፤ ገቢውንም ለችግረኞች አዋሉት። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የፒያኖው ሰዎች ድምፁን ያደንቃሉ፤ እኛ ግን ከድምፁ ይልቅ የተደረሰበት ምክንያት ይበልጥብናል።

የበገናው ነገር ደግሞ ልብ የሚነካ ነው። አቶ አለሙ አጋ በእንጦጦ ተወልደው በ12 ዓመታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ዘንድ አሥሩን አውታር መደርደር ጀመሩ። የበገና ድምፅ እንደ ንብ የሚያስተጋባው በአውታሩና በድልድዩ መካከል በሚገባው ቁራጭ ጠፍር ነው፤ ይህንንም ማስተካከል ከመጽሐፍ አይገኝም፥ እጅ ከእጅ ሊቀበለው ይገባል። አቶ አለሙ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ሳለ የደርግ ዘመን መጣ፤ በገና ከሬዲዮ ታገደ፥ ትምህርቱም ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ ደርዳሪዎቹ እጅግ ጥቂት ነበሩና፥ እነዚያ ጥቂት አረጋውያን ተተኪ ሳይተዉ ቢሞቱ ኖሮ ዕቃው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በቀረ ነበር። ሆኖም ከመምህራቸው የተቀበሉትን አልጣሉትም። ያ ዘመን ካለፈ በኋላ ወጣቶች፥ ሴቶችም ጭምር፥ በገና ለመማር ተነሡ፤ ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥርም ድምፁ እንደ ገና በሬዲዮ ይሰማል።