መነጽር የማያቆመው ብርሃን

ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ለአንድ ደቂቃ ተዋሱት። መነጽሩን አድርጋችሁ የላፕቶፕ ስክሪን እያያችሁ ጭንቅላታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አዘንብሉ። የሆነ ቦታ ላይ ስትደርሱ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ባትሪው አላለቀም። ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን የሚርገበገበው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ መነጽሩ ደግሞ ያንን አቅጣጫ ዘጋበት። በብዙ ስልኮችም ይሠራል፣ ሞክሩት። ይህ የመርገብገቢያ አቅጣጫ ፖላራይዜሽን ይባላል።

ከአቶም እምብርት፣ ማለትም ከኑክሊየስ የሚወጣው ጋማ ጨረርም ብርሃን ነው። እሱም ይርገበገባል፣ እሱም አቅጣጫ አለው። ልዩነቱ የጉልበቱ ነገር ነው፦ አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ጋማ፣ ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበረታል። መነጽር ብትደቅኑበት እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል።

ታዲያ የጋማን አቅጣጫ ማወቅ ለምን አስፈለገ? እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበችኝ አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። የኑክሌር ፊዚክስ መጽሐፍ ስትገልጡ የመሰላል ሥዕል ታያላችሁ። እያንዳንዱ ደረጃ አጠገብ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ራስጌ ፕላስ ወይም ማይነስ ተቀምጧል። ቁጥሩ የኑክሊየሱን ሽክርክሪት ይናገራል። ምልክቷ ግን? ማን አይቷት ነው ማይነስ ያላት?

ምልክቷ ፓሪቲ ትባላለች። ኑክሊየሱን የሚገልጸውን ሒሳብ ግራውን ቀኝ፣ ላዩን ታች፣ ፊቱን ኋላ አድርጋችሁ ብትገለብጡት ወይ እንደነበረ ይቀራል፣ ወይ ምልክቱ ይቀየራል። የመጀመሪያው ፕላስ፣ ሁለተኛው ማይነስ። ቀላል ነገር ትመስላለች፤ ግን እሷ ከተሳሳተች የኑክሊየሱ ታሪክ አብሮ ይሳሳታል። ኑክሊየስ ሁሉ እንደ እግር ኳስ ድቡልቡል አይደለም። እንደ ራግቢ ኳስ የረዘመ አለ። ሬዲየም 224 ደግሞ እንደ ቅል ነው፣ አንድ ጫፉ ሰፊ ሌላው ጠበብ ያለ፤ ይህም በስዊዘርላንዱ ሰርን ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሆኗል። ከእንዲህ ዓይነት ቅርጽ ምልክቶች አንዱ የፕላስና የማይነስ ደረጃዎች እየተፈራረቁ መደርደራቸው ነው። ምልክቷን ሳታውቁ ኑክሊየሱ ቅል ይሁን ኳስ መናገር ያስቸግራል።

ኑክሊየስ ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ሲወርድ ጋማ ይለቃል። የጋማው ጉልበት በደረጃዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ይነግረናል። በየትኛው ማዕዘን በርከት ብሎ እንደሚወጣ ብንቆጥር ደግሞ ስንት ሽክርክሪት ይዞ እንደሄደ እንገምታለን። እዚህ ላይ ግን እንቆማለን። አንድ ሽክርክሪት ይዞ የሄደ ጋማ ኤሌክትሪካዊ ከሆነ ፓሪቲን ይገለብጣል፤ ማግኔታዊ ከሆነ አይገለብጥም። በጉልበትና በማዕዘን ስርጭት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም፣ ቁርጥ መንትዮች ናቸው። የሚለያቸው የመርገብገቢያ አቅጣጫቸው ነው።

መፍትሔው የተገኘው ጋማን ከማገድ ሳይሆን ከማንጠር ነው። አሜሪካዊው አርተር ኮምፕተን እ.ኤ.አ. በ1923 እንዳሳየው እንዲህ ያለ ጨረር ኤሌክትሮንን ሲገጭ እንደ ብይ ይነጥራል፣ ከጉልበቱም ከፊሉን ለኤሌክትሮኑ ትቶ ይሄዳል። በዚህ ሥራው በ1927 ኖቤል ተሸልሟል። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ወዴት ይነጥራል የሚለው ነው። የሬዲዮ አንቴናን አስቡ፤ አንቴና ወደ ጎን በደንብ ያሰራጫል፣ በጫፉ አቅጣጫ ግን ምንም አይልክም። ወደ ላይና ወደ ታች የተናጠ ኤሌክትሮንም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጋማው ከሚርገበገብበት መስመር ይልቅ ወደ ጎን መንጠር ይወዳል። ጉልበቱ ሲጨምር ግን ይህ ምርጫው እየደከመ ይሄዳል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ጋማው የሚነጥርበት አንድ ክሪስታል፣ ነጥሮ የሚያርፍበት ሌላ ክሪስታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአውሮፓ የተሠራው ክሎቨር የሚባለው ዲቴክተር ይህን በአንድ ጣሳ ውስጥ አሟልቶታል። አራት የጀርማኒየም ክሪስታሎች ጎን ለጎን፣ ሁለት ከላይ ሁለት ከታች ተቀምጠዋል፤ ስሙም የመጣው ከአራት ቅጠሏ ተክል ነው። አንዱ ክሪስታል ላይ የቀረውና ጎረቤቱ ላይ ያረፈው ጉልበት ሲደመር የጋማው ሙሉ ጉልበት ይወጣል። ከዚያ መቁጠር ብቻ ነው፦ ወደ ጎን ወዳለው ጎረቤት ስንት ነጠረ? ወደ ላይና ወደ ታችስ?

ለምን ጀርማኒየም ትሉ ይሆናል። በጣም ስለሚለይ ነው። የኮባልት 60ን 1332 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ስትለኩበት ስህተቱ 2 ኪሎ ገደማ ነው። በአንድ ሙከራ በመቶ የሚቆጠሩ ጋማዎች ተደራርበው ስለሚመጡ ይህ ባይኖር ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጣጣው ቅዝቃዜው ነው፤ ክሪስታሉ በፈሳሽ ናይትሮጅን ካልቀዘቀዘ (ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው) ሙቀቱ ራሱ ኤሌክትሮኖችን እያላቀቀ ልኬቱን በጫጫታ ይሞላዋል። እና ለሊትም ቢሆን ናይትሮጅን የሚሞላ አለ፣ ሰው ወይም ማሽን።

አሁን ቁጥሩን እንየው፤ እኔ ለምሳሌ ያህል ያወጣሁት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች 5250፣ ወደ ጎን 4750 ነጠረ እንበል። ልዩነቱ 500፣ ለድምሩ ሲካፈል 0.05። አምስት በመቶ! አነሰች አይደል? ግን አሥር ሺህ ቆጠራ ላይ የአጋጣሚ ወላዋይነት አንድ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ እውነት ነው። 210 ለ190 ቢሆንስ? ያው አምስት በመቶ ነው፣ ግን ወላዋይነቱም አምስት በመቶ፤ ምንም ማለት አይቻልም። ተማሪዎች ቀንና ሌሊት ፈረቃ ይዘው ዳታ የሚሰበስቡት ለዚህች ነው።

ደግሞ ዲቴክተሩ ራሱ ቢያዳላስ? አንዱ ክሪስታል ከጎረቤቱ ትንሽ ቢበልጥ የውሸት ልዩነት ይፈጥራል። ስለዚህ አስቀድሞ እንደ ዩሮፒየም 152 ባለ ተራ ምንጭ ይፈተሻል። በእንዲህ ያለ ምንጭ ውስጥ ኑክሊየሶቹ በየአቅጣጫው የተበታተኑ ስለሆኑ ጋማቸው አያደላም፤ አድልዎ ከታየ የመሣሪያው ነው፣ ይታረማል። በሙከራው ግን ኑክሊየሶቹ የሚፈጠሩት በፍጥነት በተተኮሰ አዮን ተመትተው ነው፤ የሚሽከረከሩበት ዘንግ ከተኩሱ መስመር ጋር ወደ ቀጥ ያለ ማዕዘን ያደላል። ለዚህ ነው ክሎቨሩ ከተኩሱ መስመር በ90 ዲግሪ ሲቀመጥ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው። ተኩሱና ዲቴክተሩ ካሉበት ሜዳ ወጣ ብሎ ከነጠረ፣ በተለመዱት ሽግግሮች ኤሌክትሪካዊ ነው፤ በሜዳው ላይ ከነጠረ ማግኔታዊ። ከዚያ ፕላሷ ወይም ማይነሷ ትጻፋለች።

ይህ ሥራ ሩቅ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከኬፕታውን ወጣ ብሎ ፎር በምትባል ቦታ አይቴምባ ላብስ የሚባል የምርምር ተቋም አለ (ስሙ በዙሉ ተስፋ ማለት ነው)። እዚያ አፍሮዳይት የተባለው የዲቴክተር ስብስብ የተሠራው በእነዚሁ ክሎቨሮች ነው። ሕንዶችም የራሳቸው አላቸው፤ ኢንጋ ይባላል፣ በሙምባይ፣ በዴልሂና በኮልካታ ማዕከሎች መካከል እየተዘዋወረ በጋራ የሚሠሩበት።

ይኸው ዘዴ ወደ ሰማይም ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠቀው ኢንቴግራል ሳተላይት 19 የጀርማኒየም ክሪስታሎች ተሸክሞ ነበር። ከመካከላቸው የሚነጣጥሩትን ጋማዎች ቆጥረው፣ ተመራማሪዎች በ2008 ክራብ ከሚባለው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት የሚመጣው ጋማ ፖላራይዝድ መሆኑን፣ አቅጣጫውም መሐሉ ላይ ካለችው ኮከብ መሽከርከሪያ ዘንግ ጋር የሚገጥም መሆኑን አሳተሙ። ቀጣዩ የናሳው ኮሲ ነው፤ 16 የጀርማኒየም ዲቴክተሮች ይዞ በ2027 እንዲመጥቅ ታቅዷል።