ይሂድ ወይስ ይቆይ?

ዘመድ ሲጠናበት የብዙዎቻችን መድኃኒት አንድ ነው፤ «ቶሎ አዲስ አበባ ውሰዱት!» እኔም ከዚያው ወገን ነበርኩ።

አባታችን ደሴ ላይ የሳንባ ምች ጠንቶባቸው በኦክስጅን ይተነፍሱ ነበር። አምቡላንስ ተገኝቶ፣ ስንቅ ቋጥረን ስንጨርስ ሐኪሙ «ዛሬ አይሄዱም» አለን። ልጅ እግር ነውና ናቅነው። ታላቅ ወንድሜማ «አንድ ነገር ቢሆኑ ባንተ ነው!» ብሎ ጮኸበት።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ወረቀት አወጣ። «አምቡላንሱ ላይ ያለው ሲሊንደር 10 ሊትር ነው፤ ጌጁ 150 ያነባል። ሲባዛ 1500 ሊትር ኦክስጅን አለ ማለት ነው። አባታችሁ በደቂቃ 5 ሊትር ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሚበቃቸው ለ5 ሰዓት ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ5 ሰዓት የት ትደርሳላችሁ?»

ሾፌሩ «ጣርማ በር አካባቢ» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው፤ ጤነኛውንም ያስለከልካል። ኦክስጅኑ ሊያልቅብን የነበረው እዚያ ነው!

በዚያ ላይ የደም ግፊታቸው ወርዶ ነበር። «መጀመሪያ እዚሁ እናረጋጋቸው» አለ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ግፊታቸው ተስተካከለ። ሐኪሙ ደውሎ አልጋ መኖሩን አረጋገጠ፤ ሦስት ሲሊንደር ተጫነ፤ ነርስ አብራን ወጣች። ጣርማ በር ላይ ትንፋሻቸው ሲያጥር ኦክስጅኑን ወደ 8 ሊትር ከፍ አደረገችው። ትርፍ ባንይዝስ ኖሮ? እሱን አንድዬ ያውቃል።

ታዲያ መቆየት ሁልጊዜ ይሻላል ማለቴ አይደለም። ደም እየፈሰሰው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው፣ ሐኪሙ እዚያ ከሌለ፣ መዘግየቱ ራሱ ይገድለዋል። ስለዚህ ከመጮኻችሁ በፊት ጠይቁ፦ እዚህ የሌለ፣ እዚያ ያለው ሕክምና ምንድን ነው? ግፊቱና ትንፋሹ መንገዱን ይችላል? ተቀባዩ ሆስፒታል ያውቃል? ባለሙያ አብሮ ይሄዳል? ኦክስጅኑ መኪና ቢበላሽ እንኳ ይተርፋል?

አባታችን ዛሬ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ወንድሜም ተመልሶ ሄዶ ሐኪሙን ይቅርታ ጠይቆታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኛ የምናፈሰው ግን ጤፍ አልነበረም።