ቅርፊቱ እስከ የት ይፋቃል?

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ እጣን የማይጨስበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ የእጣን ዛፍ ግን የለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ደጋው አይስማማውም። ዛፉን ማየት የሚፈልግ ወደ ተከዜ ቆላ፣ ወደ አበርገሌ ይውረድ። ድንጋያማው ተዳፋት ላይ፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ቆሞ ያገኘዋል። የሚታለበውም በዚሁ ወቅት ነው።

ሥራው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥቅምት አካባቢ ይጀመራል። ለቃሚው ምንጋፍ በተባለ ስለታም መፋቂያ ከግንዱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቅርፊት ያነሳል፤ ጥልቀቷ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ብቅ ይልና አየር ሲያገኘው እየረጋ ይደርቃል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፤ ያችኑ ቁስል ጥቂት ያሰፋታል። ክረምቱ እስኪገባ ይህ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደጋገማል። የመጀመሪያው ዙር እዚህ ግባ የሚባል ምርት የለውም። ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ ምንጋፉን ጠለቅ የሚያደርገውም ያኔ ነው።

ጠለቅ ማድረጉ ግን ትርፍ የለውም። እጣን የሚሆነው ሙጫ የሚመነጨው ሕይወት ባለው የውስጠኛው ቅርፊት ውስጥ ካሉ ቀጫጭን ቦዮች ነው፤ የዚህ ክፍል ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከሥሩ አዲስ ቅርፊትና እንጨት የሚሠራው ስስ ሽፋን አለ። ስለቱ እሱን አልፎ እንጨቱን ከነካ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ግንድ ለሚበሉ ጥንዚዛዎችም በር ይከፈታል።

በጥልቀት የሚበሳ ዛፍም አለ፤ ካናዳውያን የሜፕል ዛፍን በመሰርሰሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበሱታል። እነሱ የሚፈልጉት በእንጨቱ ውስጥ የሚያልፈውን ስኳር አዘል ውሃ ነው፤ 40 ሊትሩ ተፍልቶ 1 ሊትር ያህል ሽሮፕ ይወጣዋል። ቀዳዳው የሚያገለግለው ለአንድ ወቅት ብቻ ነው፤ በዓመቱ ሌላ ቦታ ይበሳል። የእጣን ዛፍ ግን በአንድ በጋ አንዱ ቁስሉ አሥር ጊዜ ያህል ይታደሳል።

የቁስሉ ብዛትም ልክ አለው። በመተማና በአበርገሌ በኩል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በአንድ ዛፍ ላይ ከ9 በላይ ቁስል ማውጣት ምርቱን እምብዛም አይጨምርም። ዛፉ ለሙጫ የሚያወጣው ስኳር ከአበባውና ከዘሩ የሚቀነስ ነው። ኤርትራ ውስጥ ያልተነካ ዛፍ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ አብዝቶ የቆሰለው ዛፍ ዘር ግን ከ20 በመቶ በታች ነበር የበቀለው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። በአብዛኞቹ ደኖች ወጣት ዛፍ አልተገኘም፤ ችግኙን እሳትና ከብት ያጠፉታል። ለዚህ ለቃሚውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም፤ የሚከፈለው በኪሎ ከሆነ ዛፍ ማሳረፍ ለእሱ ኪሳራ ነው። የእጣን ደን ለድርጅትም ሆነ ለማኅበር በውል ሲሰጥ፣ በየዓመቱ ሳይነኩ የሚያርፉት ዛፎች ብዛት እዚያው ውሉ ላይ ይጻፍ።